ስለ ማማከር፤ መንገድና ሐዲድ በሚገናኙበት ስፍራ

ሰው ሰውን ምክር የሚጠይቀው በኹለት ምክንያት ነው። አንደኛው ያላወቀውን ለማወቅ፥ ኹለተኛው አስቀድሞ የቈረጠውን ነገር በሌላው አፍ ለማስጸደቅ ነው። የኹለቱም ቃል «ምን ትላላችኹ?» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ግን መልሱ ከተሰጠ በኋላ ነው። የምክር ሰሙ መጠየቅ ሲኾን፥ ወርቁ ስለ መልሱ ሐሳብን ለመለወጥ መዘጋጀት ነው። ወርቅ የሌለው ቅኔ ዜማው ቢያምርም በጉባኤ ፊት ይወድቃል፤ ወርቅ የሌለው ጥያቄስ እንዴት ይቆማል?

ይህ ነገር እጅግ የሚገለጠው መንገድ ሐዲድን በሚያቋርጥበት ስፍራ ነው። ባቡር ከሐዲዱ ፈቀቅ ማለት አይችልም፤ ጭነት ይዞ በፍጥነት ሲገሠግሥም ፍሬን ቢያዝ፥ እስኪቆም ድረስ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጓዝ ይችላል። እንግዲህ በመገናኛው ላይ ገለል ሊል የሚችለው እግረኛው፥ ባለ ጋሪውና ከብት ነጂው ብቻ ነው። ሕይወቱን መያዣ የሚያደርገው እርሱ ከኾነ፥ መሻገሪያው የት ይኹን ሲባል ቃሉ ሊሰማ ይገባዋል።

የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ያን ጊዜ ሐዲዱ በሚያልፍበት የሚኖረውን ባላገር ማማከር የሕግ ግዴታ አልነበረም። ዛሬ ግን ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43፥ ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ሥራ ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መጠየቅ የዜጎች መብት መኾኑን ደንግጓል።

ነገር ግን ሕግ ስብሰባን ሊያዝ ይችላል እንጂ ጆሮን ሊያዝ አይችልም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም በአዲስ አበባ ሥራ የዠመረው ቀላል ባቡር ለብዙ ተሳፋሪ መልካም ነገር ኾነ፤ ነገር ግን በአውራ ጎዳና መካከል ታጥሮ በሚያልፍበት ስፍራ፥ ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ጎረቤቶች ለመገናኘት ዙረው እንዲኼዱ አደረገ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መሥመርም በአርብቶ አደር ምድር ስለሚያልፍ፥ ከብትና ግመል በባቡር ተገጭተዋል። መሐንዲሱ የዳገቱን ልክና የድልድዩን ክብደት ያውቃል፤ ግመሉ በበጋ ወደ ውሃ የሚወርድበትን ዱካ የሚያውቀው ግን አርብቶ አደሩ ነው። የአንዱ ዕውቀት የሌላውን አይተካም።

«ኹሉም ደጄን አትንኩ ካለ መንገድ ከቶ አይሠራም» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማማከር ፍርዱን ለተጠያቂው አሳልፎ መስጠት አይደለም። ጠያቂው ሦስት ዕዳ ብቻ አለበት፤ ይኸውም መሥመሩ ሳይቈረጥ መጠየቅ፥ ጥቅሙንና ጉዳቱን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሳይሸሽጉ መግለጥ፥ ያልተቀበሉትንም ሐሳብ ስለ ምን እንዳልተቀበሉት መመለስ ነው። ዳኛም ለኹለቱም ባላጋራዎች አይፈርድም፤ ነገር ግን የተረታው ሰው ቃሉ ተሰምቶ ምክንያቱ ከተነገረው፥ ቢያዝን እንጂ ተናቅኹ አይልም።

ተጠያቂውም ዕዳ አለበት። ስለ አጥሩ ብቻ የሚጮኽ፥ የጎረቤቱን ልጅ የትምህርት ቤት መንገድ የማያስብ ሰው፥ ምክሩን የገበያ ክርክር ያደርገዋል። በስብሰባው ያልተገኙ ብዙዎች ናቸው፤ ሕፃኑ፥ ዐይነ ስውሩ፥ ውሃ ቀጂዋ በዚያ የሉም። የተገኘው ሰው ስለ እነርሱም ካልተናገረ፥ ማን ይናገርላቸዋል?

አበው «ምከረው፥ ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ይህ ተረት ምክርን እንቢ ያለው ራሱ መከራውን ሲቀምስ እውነት ነው። በሐዲድ መገናኛ ግን እንዲህ አይደለም፤ ምክርን እንቢ የሚለው በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፥ መከራው የሚመክረው መንገደኛውን ነው። ስለዚህ ሌላው በሚሻገርበት መንገድ ላይ የሚወስን ሰው፥ ለገዛ ራሱ ከሚወስን ሰው ይልቅ አብልጦ ማድመጥ ይገባዋል።