የአንድ ድስት ፓስታና በማጀት የቀረችው ጾመኛ

ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ለጾም መጽሔት ቀለል ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። በዐቢይ ጾም ወጡን ሁሉ ትቶ በአንድ ድስት ፓስታ ሠርቶ መብላት ለጾም ይስማማል ወይስ ስንፍና ነው? «የጾም ወጉማ በያይነቱ ነው፤ ፓስታ የጣልያን ምግብ አይደል እንዴ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ወደ ከተሞቻችን ገበታ የገባው ከጣልያኖች ጋር ነው። በርበሬስ ቢሆን ዘሩ ከአሜሪካ ምድር የመጣ አይደለምን? ደረቅ ፓስታ ስንዴና ውኃ ነው። እንቁላል የገባበትም ስላለ ማሸጊያውን አንብቦ መግዛት ይበቃል።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። የእኛን የጾም ምግብ የሚያበስለው ማን ነው? እርሱስ መቼ ይጾማል?

እስቲ ከጾሙ ቀናት አንዱን እናስብ። ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ቤተሰቡ ነጠላውን አጣፍቶ ይሄዳል፤ አንዲት ሴት ግን ትቀራለች። እናት ትሁን፣ እኅት ትሁን ወይም ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ፣ ከረፋዱ ጀምራ ሽንኩርት ትከትፋለች። ምስሩ በአንዱ ምድጃ፣ ሽሮው በሌላው፣ ከዚያ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ቀይ ሥሩ። የቁሌቱ ሽታ ባዶ ሆዷን ይፈትናታል። ጾመኛ ናትና ጨው መብቃቱን እንኳ ቀምሳ ማወቅ አትችልም። እኛ ደግሞ ከቅዳሴ ተመልሰን «ዛሬስ ጨው በዝቷል» እንላለን! ምግቡ የጾም ነው፤ ድካሙ ግን የድግስ ነው። «ደመወዟን እንከፍላት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ደመወዝ ያመለጣትን ቅዳሴ አይመልስላትም።

ነቢዩ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሲጾም ከሥጋውና ከወይኑ ጋር የሚጣፍጠውንም ምግብ እንደ ተወ በመጽሐፉ በምዕራፍ 10 ተጽፏል። እኛ ሥጋና ቅቤውን ትተን ጣዕሙን በሌላ መንገድ ማምጣት ተክነንበታል። የጾም ኬክ አለ፣ የጾም ማኪያቶ አለ፣ የጾም በርገርም አለ። ይህን ሁሉ ኃጢአት ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ለጾም ምግብ ከፍስክ ምግብ የበለጠ የምንደክምና የምንከፍል ከሆነ የቀነስነው ምኑን ነው?

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። ሰፋ ባለ ድስት ሁለት ራስ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርትና አራት አምስት የተከተፈ ቲማቲም ጨምሩበት። ቲማቲሙ ሲፈርስ ግማሽ ኪሎ ፓስታ፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውኃና ጨው በዚያው ላይ ይገባል። ክዳን አያስፈልገውም፤ ቶሎ ቶሎ ማማሰል ግን የግድ ነው፣ አለዚያ ይጣበቃል፣ ከሥርም ያርራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ስለሆነ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጥቂት ደቂቃ መጨመር ነው። ፓስታ ለብቻው ሲቀቀል የለቀቀው ስታርች ከውኃው ጋር ይደፋል። እዚህ ግን የሚደፋ የለም፤ ያው ውኃ ወፍሮ ስጎ ይሆናል፣ ዘይት ማብዛትም አያስፈልግም። ከማውረዳችሁ በፊት ቃሪያና በሶብላ ጣል አድርጉበት። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የሚታጠበውም አንድ ድስት።

ይህን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይሠራዋል። አባወራውም ይሠራዋል። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው ቀኖና አይደለም፣ ልማድ ነው። ሴት በማይወጣበት በደብረ ዳሞ ለመነኮሳቱ ማን የሚያበስል ይመስላችኋል?

ታዲያ ቀላል ምግብ የበላ ሁሉ ጾመ ማለት ነው? አይደለም። ዔሳው ብኵርናውን የሸጠው በሥጋ ወጥ አልነበረም፣ በምስር ወጥ ነበር። እንግዲህ በጾም ምግብም መሸነፍ አለ። ፓስታው ቶሎ ስለሚደርስ ብቻ ሰዓቱን የምናሳጥር፣ ወይም የተረፈችውን ጊዜ ስልክ ስንነካካ የምንጨርሳት ከሆነ፣ ሰባት ዓይነት ወጥ ስትሠራ የዋለችው ሴት ትሻለናለች። በሁለተኛው መቶ ዓመት ተጽፎ ወደ ግእዝም በተተረጎመው የሄርማስ መጽሐፍ ውስጥ ጾመኛው የዕለት ምግቡን ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለድሀ አደግ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ይታዘዛል። አስልቶ ነው የሚለው። የሰባቱ ወጥ ወጪ ስንት ነው? የአንዱ ድስትስ? ልዩነቱ የት ይገባል?

እንግዳ ሲመጣ ወይም የጽዋ ተራ ሲደርስ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰው ጠርቶ በድስት ፓስታ መሸኘት ለእኔ አይታየኝም። ደግሞም ማጀቷን ሰው ሲነካባት የማትወድ እናት አለች፤ እርሷን በግድ ማሳረፍ ሌላ ጠብ ነው። ቢሆንም በመጪው ረቡዕ ወይም ዓርብ ሞክሩት። «እማዬ፣ ዛሬ ድስቱን ለእኛ ተዪው» ብላችሁ ነጠላዋን አቀብሏት። «ታሳርሩታላችሁ» እያለች፣ እስከ በሩ ድረስ ሦስት ጊዜ እየዞረች ትሄዳለች። ትሂድ፤ ቅዳሴው ሳይገባ ትድረስ።