የማን ልጅ ነህ?

በመተማ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ላይ፣ አንድ ትልቅ ሰው የማያውቀው ልጅ መንገድ ላይ ሲገጥመው «የማን ልጅ ነህ?» ይላል። ደጋ ላይ መልሱ ቶሎ ያልቃል። ጠያቂው አባትየውን ባያውቅ አያቱን ያውቃል፤ አያቱን ባያውቅ ደብሩን ያውቃል። ቆላው ላይ ግን ጥያቄው ይረዝማል። የመተማ አካባቢ ሰው ብዙው ከሌላ አገር የወረደ ነው። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከወገራ፣ ከጎጃም የሚመጣው ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት ሠራተኛ፣ እርሻውን ይሞላዋል። ከመጣው መካከል አንዱን ወባ ወይም ካላዛር እዚያው ያስቀረዋል፤ ሌላው ጋላባትን ተሻግሮ ገዳሪፍ ይገባና ወሬው ይጠፋል። ልጁ በአክስት፣ በጎረቤት፣ አለዚያም አባቱ ያርፍበት በነበረው ቤት ያድጋል። ያ ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ማንን ይጥራ? የወለደውን ነው ወይስ እንጀራ የሚቆርስለትን?

ይህንኑ ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱ ብዙ ሺህ ልጆች በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ ተጠይቀውታል። በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2017 አሜሪካውያን ብቻ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ ወስደዋል። በ2010 በአንድ ዓመት የወሰዷቸው ከ2,500 ይበልጣሉ፤ በዚያ ዓመት ከኢትዮጵያ የበለጠ ልጅ ወደ አሜሪካ የሄደው ከቻይና ብቻ ነበር። ወደ ስዊድን፣ ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጣልያን፣ ወደ ዴንማርክ የሄዱት እዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ስለ ጉዳዩ እስካሁን የተጻፈው በአመዛኙ ስለ ሕጉና ስለ ገንዘቡ ነው። ከሥሩ ያለው የሃይማኖት ጥያቄ ግን ብዙም አይነሣም፦ ልጅ ለአሳዳጊው ስጦታ ነው ወይስ አደራ?

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ ሲዘጋጅ የኖረ ቋንቋ ነው። አንድን ሰው ብዙ አባትና ብዙ እናት እንዲኖረው ይፈቅድለታል። የእንጀራ እናት አለች፤ እናትነቷ ከማህፀን ሳይሆን ከመሶብ ነው። የክርስትና አባት አለ፤ ከጥምቀቱ ውኃ የተገኘ ዘመድ ነውና ልጆቹ ከክርስትና ልጁ ጋር አይጋቡም። የጡት ልጅም አለ። በቀድሞው ሥርዓት ጉልበት ያለው ሰው ዘመዱ ያልሆነውን ልጁ ሲያደርገው ጡቱን ወይም ማር የነካ ጣቱን ያጠባው ነበር። ከእነዚህ አንዳቸውም የወላጅን ስም አይፍቁም። ያለው ላይ ይጨምራሉ እንጂ። ሕጉ ራሱ የሚጠቀምበት «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የተወሰደ ነው፤ በኦሮሞ ባህል ልጅ አልባው ቤት የሌላውን ልጅ በሽማግሌና በምርቃት የሚቀበልበት ሥርዓት ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 183 ይህንን መንፈስ ይዟል። በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ የግድ ሲሆን ግን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ጉዲፈቻው ሲጸድቅ ለልጁ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይታተማል፤ እናት በሚለው ቦታ ላይ አሳዳጊዋ ትገባለች። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ልጁን የወለደችው እርሷ ናት ይላል።

እነዚህ ሁለት ሕጎች ፊት ለፊት የተገናኙት አዲስ አበባ ላይ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳዳጊዎች ራሳቸው ችሎት እንዲቀርቡ በመደረጉ፣ ብዙዎቹ ሁለት ጊዜ መምጣት ነበረባቸው፦ አንዴ ለፍርድ ቤቱ፣ አንዴ ደግሞ ለኤምባሲው ቪዛ። በዚያ ዘመን በከተማዋ የእንግዳ ማረፊያዎች ውስጥ ለሳምንታት የሚኖሩ ባልና ሚስቶች ነበሩ። ቀኑን የሚያሳልፉት በመጠበቅ ነው፤ የሴቶችና ሕፃናት ሚኒስቴርን ደብዳቤ፣ የልደታ ፍርድ ቤትን ቀጠሮ፣ የፓስፖርቱን ወረፋ። «ና»፣ «እሺ»፣ «ውኃ»፣ «ሽንት» የሚሉትን ቃላት ይማራሉ። ሕፃን ታቅፈው ሲወጡ መንገድ ላይ የማያውቋቸው ሴቶች ጠጋ ብለው የልጁን ራስ ይሸፍናሉ፣ ብርድ እንዳይመታው። እነዚያ ሴቶች ፈቃድ አይጠይቁም፤ የሰው ልጅ ለእነርሱም ልጃቸው ነው። እንግዳዪቱ ይህን ድፍረት ልትለው ትችላለች። የአገሩ ሰው ግን የዘመድነት መጀመሪያ መሆኑን ያውቃል።

ከዚያ ሁሉ ቀን አንዱ የወላጅ እናትና የአሳዳጊ እናት የሚገናኙበት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንዲት ከገጠር የመጣች እናት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ልጇን ለማታውቃት ሴት ስታስረክብ ከአፏ የሚወጣው ቃል «አደራ» ነው። አስተርጓሚው ምን ብሎ ይተርጉመው? «ተንከባከቢልኝ» ቢል አልዋሸም፤ ነገሩን ግን አላደረሰም። አደራ የተሰጠ ነገር የተቀባዩ አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉም የአደራ ውል ዕቃን ተቀብሎ፣ ጠብቆ፣ ሲጠየቅ የመመለስ ውል ነው። በአገሩ ሥነ ምግባር «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ ጥቂት ነው፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለውም ለዚህ ነው። ያቺ እናት ልጇ ተምሮ፣ አድጎ፣ ስሟን ይዞ እንደሚመለስ፣ እስከዚያም ደብዳቤና ፎቶ እንደሚመጣላት አምና ነው የፈረመችው። ወረቀቱ ግን ለዘላለም ይላል። ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ልጅ ላይ፣ ሁለት የተለያየ መሐላ ይዘው ተለያዩ።

ከአሳዳጊዎቹ ብዙዎቹ የመጡት በእምነት ተገፋፍተው ነው። ይህንን መካድ ግፍ ይሆናል። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ ቤት ማምጣት የእምነት ግዴታ ነው የሚል ትልቅ እንቅስቃሴ ተነሥቶ ነበር። በየስብከቱ የሚጠቀሰው የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ነው። ጥቅሱን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ግን አንድ ነገር ያስተውላል። ሐዋርያው ንጹሕ አምልኮ ያለው ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና መበለቶችን በመከራቸው መጠየቅን ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጧቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኙትም በአንድ ቤት ነውና።

አማርኛ «የሙት ልጅ» የሚለው አባቱ ብቻ የሞተበትንም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት በሚጠቀምበት ቆጠራም አንድ ወላጁን ያጣ ሕፃን ወላጅ አልባ ከሚባሉት ይገባል። ስለዚህ ብዙ ሚሊዮን ወላጅ አልባ አለ ሲባል፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ እናት አላቸው፤ ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን ለእኩል የሰጠች፣ ጠላ ሸጣ የምታድር እናት። ጥቅሱ «ጠይቋቸው» የሚለው ልጁንም እርሷንም ነው። እንቅስቃሴው ልጁን ይዞ ሄደና መበለቲቱን ጎጆዋ ውስጥ ብቻዋን ተዋት። አንድን ልጅ ለመውሰድ በየቤተሰቡ ከወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለእርሷ ደርሶ ቢሆን፣ ልጁ ከነእናቱ ባደገ ነበር። ቅን ልብ ያላቸው ሰዎች ቅዱስ ቃልን በግማሹ ሲያነቡ ምን ያህል ሐዘን እንደሚተርፍ ከዚህ የበለጠ ማሳያ ማግኘት ይቸግራል።

መጽሐፉን ገለጥ ላደረገ ደግሞ ሌላም ምሳሌ አለ። ሙሴን የፈርዖን ልጅ ከውኃ አውጥታ አሳደገችው፤ ያጠባችው ግን ወላጅ እናቱ ናት፣ ያውም ደመወዝ ተቆርጦላት። ቤተ መንግሥት ያደገው ልጅ የወገኖቹን ማንነት አልሳተም።

በመተማና በገንዳ ውሃ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ነው፤ እስልምና በዚህ ጉዳይ ያለውም ግልጽ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ዘይድ ኢብን ሐሪሣን እንደ ልጃቸው ወስደውት ነበርና ሰው ሁሉ የሙሐመድ ልጅ ይለው ጀመር። በሱረቱል አሕዛብ የመጣው ትእዛዝ እንዲህ ያሉ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ የሚያዝ ነው፤ ዘይድም ወደ አባቱ ስም ተመለሰ። የቲምን፣ የሙት ልጅን፣ ማሳደግ ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ ዘሩን መደበቅ ግን የተከለከለ ነው። በጡት የተገናኙ ልጆች እንደ ወንድምና እህት እንደማይጋቡም ይኸው ሃይማኖት ይደነግጋል። ቆላው ላይ አንዲት ክርስቲያንና አንዲት ሙስሊም ቡና ላይ ተቀምጠው ስለ ጡት ልጅ ቢያወሩ ብዙም አይለያዩም።

ስም ለኢትዮጵያዊ ከመጠሪያነት አልፎ መልእክት ነው። ዛሬ ዓለም ማርከስ ሳሙኤልሰን ብሎ የሚያውቀው ሼፍ ሲወለድ ካሳሁን ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ የተያዙ ልጆቿን ይዛ በእግሯ አዲስ አበባ ደረሰች፤ እርሷ ሞተች፣ ልጆቹ ተርፈው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ ደግ በሆነ ቤት አደጉ። «ካሳ ሁን» ማለት ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ የሆነ ነገር ጎድሎ ነበር፣ ይህ ልጅ ይተካው ማለት ነው። ሞቷል ብሎ ያሰበው አባቱ በሕይወት መኖሩን ያወቀው ከአደገ በኋላ ነው።

የባለቅኔው የለምን ሲሳይ ታሪክ ከዚህ ይመርራል። እናቱ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ለትምህርት እንግሊዝ የሄደች ኢትዮጵያዊት ናት። ልጇን ለጊዜው ብቻ እንዲያሳድጉላት ጠየቀች፤ የጉዲፈቻውን ወረቀት አልፈርምም አለች። ሕፃኑ ግን ኖርማን የሚል ስም ወጥቶለት ሃይማኖተኛ ለሆነ ቤተሰብ ተሰጠ። ቤተሰቡ 12 ዓመት ካሳደገው በኋላ መልሶ ሰደደው፤ ከዚያ ወዲያ በየሕፃናት ማቆያው ተንከራተተ። ወደ ጉልምስና ሲደርስ የልደት ምስክር ወረቀቱ ተሰጠው። እናቱ በ1968 ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችውን ደብዳቤ አነበበ፣ እውነተኛ ስሙንም አወቀ፦ ለምን። አንዲት እናት ለልጇ ጥያቄ ስም አድርጋ ሰጠችው፤ ጥያቄው 17 ዓመት ሙሉ ተዘግቶበት ቆየ። እናቱን ጋምቢያ ውስጥ ሲያገኛት የ21 ዓመት ወጣት ነበር።

ከዚህም የከፋ ደርሷል። በ2003 ዓ.ም በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ቤት በረሃብና በቅጣት ተጎሳቁላ፣ ውጭ በብርድ ሞተች፤ ባልና ሚስቱም ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት በቀን የሚያያቸውን የውጭ ጉዲፈቻ ጉዳዮች ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። በጥር 2010 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ውሳኔው ትክክል ነበር። በፍቅር ያሳደጉ፣ ልጆቻቸውን አማርኛ ለማስተማር የደከሙ፣ ወላጅ እናትን ፈልገው ያገኙና የረዱ አሳዳጊዎች ብዙ ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። ሥርዓቱ ግን ልጅ ፈላጊው ቤት እንጂ ልጅ ያለበት ቤት የሚጎድለውን የሚጠይቅ አልነበረም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳዩት ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። በፈረንጆቹ 1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሲሄዱ በድርቁ ከሞተች እናት አጠገብ ሕፃን አገኙ። ያቺን ሕፃንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ትዳራቸው ፈረሰባቸው፤ ልጆቹን ግን አልለቀቁም። ከዚያ የተነሣው ድርጅት ከልጆቹ አልፎ እናቶችንም የሚረዳ ሆነ።

ጥያቄው አሁን ወደ ቆላው ተመልሷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ሰዉ በመተማ ዮሐንስ በኩል ጎረፈ፤ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ለሥራ ሄዶ የነበረው ኢትዮጵያዊም። ስደተኞቹ ኩመርና አውላላ በተባሉ ጣቢያዎች ሰፈሩ። ከመጡት ውስጥ ወላጆቻቸውን መንገድ ላይ ያጡ ልጆች ነበሩ። ይህ መሬት እንዲህ ያለውን መንገደኛ ያውቃል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም ከጎንደር ገጠር የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ ቆላ በኩል በእግር ወደ ሱዳን ሲሻገሩ፣ በጉዞውና በመጠለያው 4,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ብቻቸውን እስራኤል የደረሱት ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤት አደጉ፤ ለብዙዎቹም ከአውሮፕላን ሲወርዱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ዛሬ ጎልማሳ ሆነው የመጀመሪያ ስማቸውን መልሰው የያዙ አሉ።

በገንዳ ውሃ፣ በኮኪት የሰው ልጅ ወስዳችሁ የምታሳድጉ ሰዎች አንድ ነገር አድርጉ። ልጁ የመጣበትን ቀን፣ የእናቱንና የአባቱን ስም፣ የተነሣበትን ቀበሌ ወይም መንደር፣ ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡለት፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤትም አስመዝግቡት። እናቱ በሕይወት ካለች ፈልጓት። ልጁ ማንበብ ሲችል ወረቀቱን ስጡት።