ብጉርን መሸፈን ሐሰት ነውን?

የሰው ፊት ከሰውነቱ ክፍል ሁሉ ቀድሞ ለሌላው የሚታይ፣ ለባለቤቱ ግን ያለ መስታወት ከቶ የማይታይ ነው። የእኛ ሆኖ ሳለ ከእኛ ይልቅ የሚያዩት ሌሎች ናቸው። በወጣትነት ዘመን ፊታችን ላይ ብጉር ሲወጣ ከቁስሉ ይልቅ የሰው ዓይን የሚያሳምመን ስለዚህ ይመስለናል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ፊታችን ላይ የወጣውን በቅባትና በፓውደር መሸፈን ሰውን ማታለል ነውን? ወይስ ራስን መንከባከብ ነው?

በዚህ ጉዳይ በአንድ ግቢ የምንማር ወንዶችና ሴቶች ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ‹‹ሰው እንደ ተፈጠረ ይታይ፤ ፊትን ቀለም መቀባት ሐሰት ነው›› እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ‹‹ፊቴ የራሴ ነው፤ ማንን ምን አገባው?›› እንላለን። ሁለቱም አነጋገር ጥቂት እውነት አለው፤ ሁለቱም ግን ጎደሎ ነው። ጎደሎነቱንም ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድመን ብጉር ምን እንደ ሆነ እንወቅ። በቆዳችን ውስጥ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። በጉርምስና ጊዜ በሆርሞን ምክንያት ዕጢዎቹ ቅባት ያበዛሉ፤ የሞተው የቆዳ ሽፋንም ከቅባቱ ጋር ተጣብቆ ፀጉር የሚበቅልበትን ቀዳዳ ይደፍናል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ዘወትር በቆዳችን ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ይራባል፤ ቆዳውም ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ወጣቶች ከመቶ 85 ያህሉ ብዙም ይሁን ጥቂት ብጉር እንደሚያወጡ የቆዳ ሐኪሞች ይናገራሉ። ስለዚህ ብጉር የቆሻሻነት ምልክት አይደለም፤ የጠባይ ምልክትም አይደለም። ሆኖም ብጉር ያወጣ ልጅ ‹‹ፊትህን አትታጠብም እንዴ?›› ይባላል፤ ብጉር ያወጣች ልጅም ‹‹ማግባት አምሮሽ ነው›› ተብሎ ይሳቅባታል። እንዲያውም ፊትን በሳሙና አብዝቶ መፈተግ ቆዳውን ይበልጥ ያስቆጣዋል። ጥፋት በሌለበት እፍረት ሊኖር አይገባምና ይህን ማወቅ ለጥያቄያችን መሠረት ነው።

ሰው ለፊቱ የሚያደርገውን ሁሉ በሦስት ልንከፍለው እንችላለን፤ ይኸውም ማከም፣ መሸፈንና መለወጥ ነው። ሦስቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ስለሚሸጡ አንድ ይመስሉናል እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው።

መጀመሪያ ስለ ማከም እንናገር። ብጉር ያወጣ ሰው ምክር አይቸግረውም። አንዱ ሎሚ ተቀባበት ይላል፤ ሌላው የጥርስ ሳሙና፣ ሌላው እርድ በማር ይላል። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን እስከ ማቃጠል ያደርሳል፤ የጥርስ ሳሙናም ለጥርስ እንጂ ለፊት አልተሠራም። ፀጉር የምንቀባው ቅቤና ቅባት ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳዎቹን እንደሚደፍን ግን ጥቂቶች ብቻ ያውቃሉ። ከመካከላችን አንዷ እኅታችን ሐኪም አማክራ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለውን ቅባት ጀመረች። ከመቶ 2.5 የሆነው ከመቶ 10 ከሆነው ከሞላ ጎደል እኩል እንደሚሠራና ማቃጠሉ ግን እንደሚያንስ ተነግሯት አነስተኛውን መረጠች። በሳምንቱ ብጉሩ አልጠፋም፤ የጠፋው የሰማያዊ ፎጣዋ ቀለም ነው፤ መድኃኒቱ ጨርቅ ያነጣልና። ለማታ ደግሞ አዳፓሊን የተባለ ቅባት ታዘዘላት፤ ይህም ብጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር በሚወጣበት የፊት ክፍል ሁሉ በስሱ የሚቀባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳዋ ደረቀ፣ ተላላጠ። በመስከረም ጀምራ ለውጡን ያየነው በታኅሣሥ ነው። ሐኪሞችም ውጤቱን ለመመዘን ከ8 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ እንደሚገባ ይናገራሉ። ብጉሩ ለጸናበት ሰው አይሶትሬቲኖይን የሚባል ክኒን አለ፤ ይሁን እንጂ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር ሴት ከቶ አትወስደውም፤ ማንም ቢሆን ያለ ሐኪም ክትትል ሊውጠው አይገባም። ራስን በዚህ መንገድ ማከም ከንቱ ውዳሴ ነው የሚል ቢኖር፣ የታመመ ጥርስን ማስነቀልም ከንቱ ውዳሴ ነው ማለቱ ነው።

ስለ መድኃኒት ስንናገር አንድ የማይዘለል ታሪክ አለ። ለብጉር ከሚታዘዙት ቅባቶች አንዱ ትሬቲኖይን ነው። ከዚህ መድኃኒት ጋር ስማቸው የሚነሣው አልበርት ክሊግማን በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም ነበሩ። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1974 በፊላዴልፊያ ከተማ በሆምስበርግ እስር ቤት በእስረኞች ቆዳ ላይ ልዩ ልዩ ሙከራ ሲያካሂዱ ኖረዋል። ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ለጥቂት ገንዘብ ሲሉ ምን እንደሚቀቡ በውል ሳይነገራቸው ጀርባቸውን ሰጡ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከተማይቱም በ2022 ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህን የምናነሣው መድኃኒቱን ለማስጠላት አይደለም፤ መድኃኒቱ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ነገር ግን ‹‹ፊቴ የራሴ ነው፤ ማንን ምን አገባው?›› ለምንለው መልስ ይሆነናል። የእኛ ቆዳ እንዲጠራ የሌላው ቆዳ ዋጋ ከፍሏል። ስለሆነም የፊታችን ነገር የእኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ሁለተኛው መሸፈን ነው። ‹‹መሸፈን ሐሰት ነው›› የሚሉት ጓደኞቻችን ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ብጉር የበዛበት ቆቡን እስከ ቅንድቡ ያወርዳል፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ ይቀመጣል፤ ፎቶግራፍ ሲነሣ ጎኑን ይሰጣል። ቆብ ሐሰት ካልሆነ ፓውደር ለምን ሐሰት ይሆናል? ሐሰት የሚባለው ማወቅ ለሚገባው ሰው እውነቱን መደበቅ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የጉንጫችንን ቁስል የማወቅ መብት የለውም። አያቶቻችን ዓይናቸውን ኩል ይኳሉ፣ እጅና እግራቸውን እንሶስላ ይሞቁ ነበር፤ ጌጥ መሆኑን ሁሉ ያውቅ ስለ ነበር ማንም አታለሉን አላለም። እውነቱን ማወቅ ለሚገባው ግን መሸፈን አይገባም። ሐኪም ፊት የምትቀርብ ልጅ ፊቷን ታጥባ ትቅረብ፤ የተሸፈነ ቁስል አይታከምምና። ለትዳር የተጫጩም እንዲሁ በተገለጠ ፊት ይተያዩ።

ይሁን እንጂ ለመሸፈን ወሰን አለው። ከጓደኞቻችን አንዷ የ2 ሰዓቱ ትምህርት ሳይጀመር ፊቷን አሰናድታ ለመጨረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣ ነበር፤ የመኝታ ክፍሉ ልጆች ሳይነቁ ማለት ነው። ፓውደሩ ያለቀ ዕለት ከክፍል ቀረች። በዚያ ዕለት ፈተና ነበር። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ፤ ያገለግላት የነበረው ሽፋን አዛዥዋ ሆነ። እርሷ ማንንም አላታለለችም፤ ነገር ግን ‹‹ያለዚህ ሽፋን ሰው ፊት መቆም አይገባኝም›› ብላ ለራሷ ስትናገር ከሐሰት ሁሉ የከፋውን ሐሰት አመነች። ስለዚህ በእኛ አሳብ የመሸፈን መመዘኛው አንድ ነው፤ ያለ እርሱ በር ከፍተን መውጣት እንችላለንን?

ሦስተኛው መለወጥ ነው፤ ብርቱው አደጋም ያለው በዚህ ነው። እንደ እኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ብጉር ሲድን በቦታው ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ለወራት ይቆያል፤ መነካካትና ፀሐይም ያብሱታል። ብጉሩ ከዳነ በኋላ በዚህ ምልክት የምንጨነቅ ብዙ ነን። ‹‹በሳምንት ያጠራል›› የሚለው ሻጭ የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው። አንዲት ጓደኛችን ከአንድ ሱቅ እንዲህ ያለ ክሬም ገዛች። በሳምንቱ ፊቷ ለሰለሰ፣ ፈካ። ያገኛት ሁሉ ‹‹እንዴት ቀላሽ!›› አላት። በሁለተኛው ወር ግን ቆዳዋ ሳስቶ የደም ሥር ይታይበት ጀመር፤ ፀሐይ ሲነካት ያቃጥላታል፤ ክሬሙን ስታቆም ደግሞ ብጉሩ ከቀድሞው በዝቶ ወጣ። ሐኪሙ በዕቃው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አነበበላት። ክሎቤታሶል ነበር፤ ይህም ለሌላ የቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ ብርቱ ስቴሮይድ ነው። ሌሎች ማቅያዎች ደግሞ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከ2020 በኋላ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እንዳይሠራና ድንበር ተሻግሮ እንዳይነገድ የከለከለው ስለዚህ ነው።

አሁን እንጠይቅ፤ በዚህች ልጅ ላይ የደረሰው ጥፋት የማን ነው? የምትገዛውን ሳይነግራት የሸጠላት ነጋዴ እንደሚጠየቅ አያጠራጥርም። ነገር ግን ‹‹እንዴት ቀላሽ!›› ያላት ሁሉ ከክሬሙ ጋር ሌላ መድኃኒት ሰጥቷታል። ቃሉን እንመርምረው። በቋንቋችን ‹‹ቀላች›› ማለት ምስጋና፣ ‹‹ጠቆረች›› ማለት ግን ሐዘኔታ ሆኗል፤ የከሳና የታመመውን ‹‹ምነው ጠቆርክ?›› እንለዋለን። እንዲህ ባለ አነጋገር ውስጥ ያደገች ልጅ የራሷን መልክ እንደ በሽታ ብታየው ምን ያስደንቃል? መታከም ‹‹ቆዳዬ ታሟል›› ማለት ነው፤ መቅላት መፈለግ ግን ‹‹ቆዳዬ ራሱ ሕመም ነው›› ማለት ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ሐሰት ነው።

የቆዳ ሕመም ሁልጊዜ ሁለት ቁስል አለው፤ አንዱን በሽታው፣ ሌላውን ሰው ያቆስለዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር፤ ዛሬ ሌላውንም የቆዳ በሽታ ያክማል። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን ሆኖ ሳለ ከዳኑት ብዙዎች የሰው ዓይን አልዳነላቸውም። ብጉርን ከሥጋ ደዌ ጋር ማወዳደራችን አይደለም፤ ሁለተኛው ቁስል ግን ከአንድ ምንጭ ይመጣል፤ ይህን ቁስል ለመፈወስም ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ብጉርን ማከም ተገቢ ነው፤ ትዕግሥትና ሐኪም ይጠይቃል። መሸፈን ሐሰት አይደለም፤ ባሪያ እንዳያደርገን ግን እንጠንቀቅ። የተፈጠርንበትን መልክ እንደ ነውር ቆጥሮ ለመለወጥ መድከም ግን በራስ ላይ በሐሰት መመስከር ነው። ለዚህ ምስክርነት የሚያበቃቸው የእኛ ንግግር ስለሆነ ድርሻችንን እንወቅ። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ነገ ጠዋት ብጉር ያወጣ ጓደኛ ስናገኝ ‹‹ፊትሽን ምን ነካሽ?›› አንበል። እርሷ መስታወት አላትና ከእኛ ቀድማ አይታዋለች። ‹‹እንዴት አደርሽ?›› እንበላት።