ሳያጡ ማዋስ ይቻላልን?

ሌሎች ቋንቋዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል የሚጠቀልሉትን ነገር አማርኛ ለይቶ ይናገረዋል። ገንዘብና እህል እንበደራለን፤ ምጣድና መጽሐፍ ግን እንዋሳለን። የተበደረ ሰው የወሰደውን ብር ራሱን ወይም የበላውን ጤፍ ራሱን አይመልስም፤ በልክ የሚተካከለውን ይመልሳል እንጂ። የተዋሰ ሰው ግን የሚመልሰው ዕቃውን ራሱን ነው፤ ጫፉ ቢተጣጠፍም፣ ሽፋኑ ቢላላም፣ ያው የወሰደው መጽሐፍ መሆን አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሁለቱን ለየብቻ ደንግጓቸዋል። ከነዚህ ጎን ሦስተኛ ቃል አለ፤ ማከራየት። በኪራይም ዕቃው ተመላሽ ነው፤ ነገር ግን ዋጋ ይከፈልበታል።

ይህን የቃላት ልዩነት ያነሣሁት ለሰዋስው ጨዋታ አይደለም። በማዋስ ውስጥ አንድ የሞራል ቁም ነገር አለ፤ የሚያውስ ሰው ለጊዜው ያጣል። ምጣዷን ለጎረቤት ያዋሰች እናት እስኪመለስላት ድረስ እንጀራ አትጋግርም። መጽሐፉን ያዋሰ ሰውም በመደርደሪያው ላይ የቀረውን ክፍተት እያየ ይሰነብታል። ውሰትን ደግነት የሚያሰኘው ይኸው ጊዜያዊ እጦት ነው። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የዚህ ደግነት ተቋማዊ መልክ ነው፤ አንዱ የወሰደውን ሌላው እስኪመለስ ይጠብቃል። ደራሲና አሳታሚ ከቤተ መጻሕፍት ጋር ተቻችለው የኖሩትም በአመዛኙ አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ ከአንድ እጅ በላይ ሊገባ ስለማይችል ነው።

ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ከመሠረቱ ያናጋዋል። በኮምፒዩተር ላይ ያለን ፋይል ለሌላ ሰው ስንልክ የእኛ እኛው ዘንድ ይቀራል። የላከው አላጣም፤ የተቀበለውም የሚመልሰው ነገር የለውም። እንግዲህ ያላጣ ሰው አዋሰ ይባላልን? ካልተባለስ ምን አደረገ? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች ከአራት ዓመት በላይ ያከራከረው ጉዳይ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ኢንተርኔት አርካይቭ እ.ኤ.አ. በ1996 ብሩስተር ኬል በሳን ፍራንሲስኮ የመሠረቱት፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የታተሙ መጻሕፍትን እየሰበሰበ ገጽ በገጽ ወደ ዲጂታል ቅጂ ይለውጣል፤ ቅጂውንም ለተወሰኑ ቀናት ለአንባቢ ይሰጣል። አሠራሩ የቆመበት ደንብ ቀላል ነበር፤ አንድ የታተመ ቅጂ ከተቀመጠ አንድ ዲጂታል ቅጂ ብቻ ይወጣል። ሁለተኛው አንባቢ ወረፋ ይይዛል። የመመለሻው ቀን ሲደርስ ፋይሉ ለተዋሰው ሰው መከፈቱን ያቆማል። ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ ማሽኑ እጦትን ሆን ብሎ ይመስላል። በተፈጥሮው የማያልቀውን ነገር እንደሚያልቅ አድርጎ ይቆልፈዋል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት በተዘጉበት ወቅት ድርጅቱ ወረፋውን አነሣ። «ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት» ብሎ በሰየመው አገልግሎት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትን የፈለገ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲወስዳቸው ፈቀደ። ሰኔ 1 ቀን ሃሼት፣ ሃርፐር ኮሊንስ፣ ዋይሊና ፔንግዊን ራንደም ሃውስ የተባሉት አራት አሳታሚዎች በ127 መጻሕፍት ምክንያት ከሰሱት። አገልግሎቱም በሰኔ አጋማሽ ተዘጋ። ክሱ ግን በዚያ አላቆመም፤ የአስቸኳይ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን የአንድ ለአንዱን አሠራር ጭምር የሚመለከት ነበር።

ዳኛ ጆን ኮልትል እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 2023 ለአሳታሚዎቹ ፈረዱ። የይግባኙ ፍርድ ቤት መስከረም 4 ቀን 2024 ፍርዱን አጸና። ይግባኝ ሰሚዎቹ ድርጅቱ ለንግድ ብሎ እንዳልሠራ ተቀብለውለታል። ይሁን እንጂ የተሠራው ሙሉ ቅጂ በገበያ ላይ ያለውን ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የሚተካ በመሆኑ ሕጉ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» ከሚለው ውስጥ አይገባም አሉ። ድርጅቱ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላለመሄድ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወሰነ። በክርክሩ ምክንያት ከአምስት መቶ ሺህ በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጥተዋል።

ፍርዱን ትተን በራሳችን ሚዛን እንመዝነው። በእኔ አስተያየት የአንድ ለአንዱ ደንብ በመንፈሱ ውሰት ነበር። የሚያውሰው ወገን የታተመውን ቅጂ ከአገልግሎት አግዶ፣ በራሱ ላይ እጦትን ተቀብሎ ነበርና። ይህም የሚሆነው ደንቡ በእውነት ሲጠበቅ ነው። ዳኛው እንደገለጹት፣ አጋር ቤተ መጻሕፍት የታተመውን ቅጂ ከመደርደሪያቸው ማንሣታቸውን ድርጅቱ በቂ ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር። ይህ ጥቃቅን የአስተዳደር ጉድለት አይደለም፤ የማዋስን ትርጉም የሚነካ ነው። ወረፋው ሲነሣ ደግሞ ትርጉሙ ጨርሶ ጠፋ። ዓላማው ርኅራኄ እንደ ነበር አልክድም። ነገር ግን ያ ርኅራኄ የተሰፈረው ከሌላ ሰው ጎተራ ነው። ከራስ ቀንሶ መስጠት ምጽዋት ነው፤ ባለቤቱን ሳይጠይቁ የእርሱን ማከፋፈል ግን፣ ተቀባዩ የቱንም ያህል የተራበ ቢሆን፣ ሌላ ስም ይፈልጋል።

እስከዚህ አሳታሚዎቹን የደገፍኩ ይመስላል። ሆኖም የእነርሱም እጅ ንጹሕ አይደለም። በአሜሪካ ቦብስ ሜሪል የተባለ አሳታሚ አንድ ልብ ወለድ አሳትሞ ከአንድ ዶላር በታች እንዳይሸጥ በመጽሐፉ ውስጥ ማስጠንቀቂያ አተመበት። ሜሲስ የተባለው መደብር በ89 ሳንቲም ሸጠው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1908 አሳታሚው ቅጂውን ከሸጠ በኋላ በቅጂው ቀጣይ ዕጣ ላይ እንዲያ ሊያዝ አይችልም ሲል ፈረደ። ገዢ መጽሐፉን መልሶ መሸጥ፣ መስጠት፣ ማዋስ የሚችለው ከዚህ መርህ የተነሣ ነው። የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍትም የቆሙት በዚሁ ላይ ነው።

በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ግን ትልልቆቹ አሳታሚዎች ለቤተ መጻሕፍት መሸጥን ትተው ፈቃድ መስጠትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሃርፐር ኮሊንስ አንድ ቅጂ ከ26 ጊዜ ውሰት በኋላ ፈቃዱ እንዲያበቃና ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና እንዲከፍል ደነገገ። ሌሎች በሁለት ዓመት የሚያልቅ ፈቃድ ይሰጣሉ። ማክሚላን በ2019 መገባደጃ አዲስ የወጣ መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ለአንድ የቤተ መጻሕፍት መረብ፣ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ በአንድ ቅጂ ብቻ እንዲወሰን አድርጎ ነበር፤ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት በመጋቢት 2020 ተወው። የሜሪላንድ ግዛት አሳታሚዎች በተመጣጣኝ ሁኔታ ለቤተ መጻሕፍት ፈቃድ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ ብታወጣም በ2022 በፌዴራል ፍርድ ቤት ወደቀባት።

ይህ በአማርኛችን ማከራየት ነው። የተከራየ ደግሞ ማዋስ አይችልም፤ የሌላውን ንብረት በባለቤቱ ፈቃድ ያስተላልፋል እንጂ። ኪራይ በራሱ ነውር የለበትም። ሁሉም ነገር ኪራይ ሲሆን ግን ቤተ መጻሕፍት የትዝታ ቤት መሆኑ ይቀራል። የብራና መጻሕፍቶቻችን ከዘመን ዘመን የተሻገሩት ገዳማትና አድባራት ስለጠበቋቸው፣ የእነርሱም ስለነበሩ ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ ብራና አይሆንም። አሳታሚው ቢከስር፣ ሐሳቡን ቢለውጥ ወይም መጽሐፉ አላዋጣ ቢለው፣ መደርደሪያው በአንድ ሌሊት ይራቆታል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ሳይቀንስ ለሁሉም ሊዳረስ የሚችልን ነገር ቆልፎ ወረፋ ማስያዝ ራሱ ኃጢአት አይደለምን? ዲጂታል መጽሐፍ እንደ ምጣድ ሳይሆን እንደ እሳት አይደለምን? በገጠር ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጭራል፤ ሰጪው ምድጃ በዚህ አይጎድልበትም፣ እሳት የከለከለ ሰውም ክፉ ጎረቤት ይባላል። ይህን ክርክር በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ከብዙዎቹ የአሳታሚ ክርክሮች ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ ነውና። እኔ የምመልሰው አንድ ነገር ነው። እሳቱ በመጫር አይጎድልም፤ እንጨቱ ግን በመንደድ ያልቃል። እንጨቱን የሚለቅም ሰው አለ። ሁሉም ጫሪ ሆኖ ለቃሚው ከተረሳ፣ ምድጃው የሚጠፋው በንፉግነት ሳይሆን በድካም ነው።

በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ ይህን ከሁለቱም ወገን አየዋለሁ። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን የመተርጎም መብት የደራሲው ነው። ስለዚህ ጥበቃው ባላለቀ ሥራ ላይ ሳላስፈቅድ ብዕር ማንሣት አይገባኝም። ሥራዬ ደግሞ በተራው የእኔ ነው። አንድን ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ለማሻገር ሙሉ ቀን የፈጀበት ሰው፣ ያ ገጽ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዞር ምን እንደሚሰማው ማስረዳት አያሻውም። ከአገር ውጭ፣ በናይሮቢ ወይም በጅቡቲ የምንኖር አንባቢዎች ሰበብ አለን፤ የአማርኛ መጽሐፍ የሚደርሰን አብዛኛውን ጊዜ በመንገደኛ ሻንጣ ነው። ጥማቱ እውነተኛ ነው። ግን በዚያ መንገድ የተገኘውን መጽሐፍ «ተዋስኩት» ማለት አንችልም፤ የሚመለስ ነገር የለውምና። ችግር ወሰድነውን ተዋስነው አያደርገውም። ቀናውን መንገድ የመክፈት ግዴታን ግን በአሳታሚና በቤተ መጻሕፍት ላይ ይጥላል።

መንገዱ ደግሞ ያልተሞከረ አይደለም። ዴንማርክ ለቤተ መጻሕፍት ውሰት ለደራሲያን ክፍያ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ብሪታንያ ተመሳሳይ ሕግ በ1979 አወጣች። ገንዘቡ የሚወጣው ከአንባቢው ኪስ ሳይሆን ከመንግሥት ካዝና ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በኅዳር 2016 ከኔዘርላንድስ በቀረበለት ጉዳይ፣ አንድ ቅጂ ለአንድ አንባቢ የሚሰጥበት ኤሌክትሮኒክ ውሰት ከታተመ መጽሐፍ ውሰት ጋር የሚመሳሰል መሆኑን፣ አገሮችም ለደራሲው ተገቢ ክፍያ እስከተሰጠ ድረስ ሊፈቅዱት እንደሚችሉ ወስኗል። የኒውዮርኩን ፍርድ ከዚህ ጎን ስናስቀምጠው ልዩነቱ የቴክኒክ አለመሆኑን እንረዳለን። አንዱ «ገበያውን ይነካልን?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው «ደራሲው ተከፍሎታልን?» ብሎ ጨመረ።

ርኅራኄም ሕጋዊ በር ሊያገኝ እንደሚችል የማራካሽ ስምምነት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ይህ ስምምነት ዐይነ ስውራንና ማንበብ የሚቸገሩ ሰዎች በሚጠቀሙበት መልክ መጻሕፍት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲባዙ ይፈቅዳል። ኬንያ በ2017፣ ኢትዮጵያ በ2020 ገብተውበታል። እዚህ ላይ አሳታሚው የተወው ነገር አለ፤ የተወውም መንግሥታት መክረው በደነገጉት ነው እንጂ አንድ ድርጅት በራሱ ሥልጣን ስለወሰነበት አይደለም። የእኛው አዋጅ ለትርፍ ላልቆመ ቤተ መጻሕፍት የጠፋን ወይም የተበላሸን ቅጂ ለመተካት ማባዛትን ፈቅዷል፤ ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዲጂታል ውሰትና ስለ ደራሲ ክፍያ መወያየት ይቻላል።

ለርእሱ ጥያቄ መልሴ አይቻልም የሚል ነው። ሳያጡ ማዋስ የለም፤ ያለው ጥያቄ የሚያጣው ማን ይሁን የሚለው ነው። ወረፋው ሲነሣ እጦቱ በደራሲው ላይ ወደቀ። መጽሐፍ በፈቃድ እንጂ በሽያጭ አይገኝም ሲባል በአንባቢውና በመጪው ትውልድ ላይ ወደቀ። ፍትሐዊው መንገድ እጦቱን መከፋፈል ነው፤ አሳታሚው ለቤተ መጻሕፍት ይሽጥ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የገዛውን ያህል ብቻ ያውስ፣ አንባቢው ወረፋውን ይጠብቅ፣ ኅብረተሰቡ ደግሞ ለደራሲው ከጋራ ኪስ ይክፈል። እያንዳንዱ ጥቂት ሲያጣ መጽሐፉ ለሁሉም ይተርፋል።