ለሽልማት የተሠራ ሥራ ስጦታ ይባላልን?

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በኩልመስክ አካባቢ የገብስ አጨዳ ደቦ ላይ የዋላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። አውራጁ ዜማውን ያነሣል፤ ወጣቶቹም ማጭዳቸውን ይዘው ማን ቀድሞ ዳር እንደሚደርስ ይሽቀዳደማሉ። የቀደመው ይወደሳል። የማሳው ባለቤት ግን ሌላ ነገር ያያል። ከአንዳንዱ ፈጣን አጫጅ ኋላ ብዙ ዛላ መሬት ላይ ወድቋል፤ ስሙ ካልተነሣው ከሌላው ኋላ ግን ለቃርሚያ የሚተርፍ እንኳ የለም። ሁለቱም ያጨዱት ለሌላ ሰው ነው። ሁለቱም እኩል ረድተዋልን?

ይህን ያስታወሰኝ ከማሳ የራቀ ነገር ነው። ጉግል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጉግል ኮድ ኢን የሚባል ዓመታዊ ውድድር ያዘጋጅ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ናቸው። የሚሠሩትም ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ በሚባሉ ፕሮግራሞች ላይ ነው። የእነዚህ ፕሮግራሞች ኮድ የተሰወረ አይደለም፤ የፈለገ ያነብበዋል፣ ያርመዋል፣ ለጎረቤቱም ያካፍለዋል። ተማሪዎቹ ስሕተት ያርማሉ፣ መመሪያ ይጽፋሉ፣ የሌላውን ሥራ ይፈትሻሉ። ጥቂት ሥራ ለጨረሰ የምስክር ወረቀትና ቲሸርት አለ፤ ለታላላቆቹ አሸናፊዎች ደግሞ ካሊፎርኒያ የሚገኘውን የኩባንያውን ዋና መሥሪያ ቤት መጎብኘት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ለሁሉም በነፃ የሚሰጥ ሥራ ለሽልማት ሲባል ከተሠራ ስጦታ ነው ወይስ ንግድ?

“ንግድ ነው” የሚል ሰው ማስረጃ አያጣም። ሀክቶበርፌስት የሚባል ሌላ ተመሳሳይ ዝግጅት አለ፤ የተወሰነ ቁጥር ያለው ማሻሻያ ለላከ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙዎች ለቲሸርቱ ሲሉ የማይረባ ለውጥ ይልኩ ጀመር፤ እዚህ አንድ ቃል፣ እዚያ አንድ ሙገሳ። ፕሮግራሞቹን በፈቃደኝነት የሚጠብቁት ሰዎች ግርዱን ሲለቅሙ ከዋና ሥራቸው ተስተጓጎሉ። አዘጋጆቹም ደንቡን ለመለወጥ ተገደዱ። ስጦታ የተባለው ነገር ሸክም ሆነ።

ሌላውንም ወገን ስሙ። የካሜሩን ከተማ በሆነችው ባሜንዳ ይኖር የነበረው ንጂ ኮሊንስ ጋባ በ17 ዓመቱ ኦፕን ኤምአርኤስ ለተባለው የሕክምና መዝገብ ፕሮግራም 20 ሥራዎችን ሠራ። የማስረከቢያው ቀን ባለፈ ማግስት፣ በጥር 2017 እ.ኤ.አ.፣ የከተማዋ ኢንተርኔት ተቋረጠ። እርሱ ግን ከአፍሪካ የመጀመሪያው ታላቅ አሸናፊ ሆነ። ሽልማቱን ተመኝቶ ይሆናል፤ ማን አይመኝም? ሆኖም ፕሮግራሙን የሚጠቀም ነርስ ወይም ታማሚ የወጣቱን ምኞት አይጠይቅም። የሚፈልገው መዝገቡ እንዳይሳሳት ነው።

ልባችን ፍጹም እስኪነጻ እጃችን ይታሰር ካልን ገብሱ ማሳ ላይ ይረግፋል። የቸገረው ሰው ሽልማት መፈለጉም ነውር አይደለም። “ሥራው ካማረ ልብ ምን ቸገረው” ማለትም ግን አያዋጣም። ልብ ውሎ አድሮ በሥራው ላይ ይታያልና፤ የወደቀው ዛላ የአጫጁን ሐሳብ ይናገራል። ስለዚህ መለኪያው “ሽልማት ፈልጌአለሁን?” የሚለው ብቻ አይመስለኝም። “ማንም የማይቆጥረውን ክፍል እንዴት ሠራሁት?” የሚለው ይበልጥ ይመረምረናል። በጉግል ኮድ ኢንም ቢሆን ብዛት ብቻውን አያሸንፍም ነበር፤ ብዙ ከሠሩት መካከል አሸናፊዎቹን የሚመርጡት የፕሮግራሞቹ ባለቤቶች የሥራውን ጥራት አይተው ነው።

ያ ውድድር የመጨረሻ ዙሩን በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጨርሶ ቀርቷል። ሥራው ግን አልቀረም። በውድድሩ ተማሪዎችን ሲያሠራ የነበረው ዊኪሚዲያ የሚያስተዳድረው የአማርኛ ዊኪፒዲያ ዛሬም ጸሐፊና አራሚ ይሻል። ላፕቶፕ የሌላችሁም በእጅ ስልክ አንዲት የተሳሳተች ዓረፍተ ነገር ማቃናት ትችላላችሁ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያያችሁ፣ የባሜንዳው ወጣት ሁኔታ ይገባችኋል። መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ ምን እንደምትሠሩበት ግን የእናንተ ምርጫ ነው።

ለዚህ ቲሸርት የለም፤ ስማችሁን የሚያነሣ አውራጅም የለም። እስቲ በዚህ ሳምንት አንዲት ሥራ ምረጡና ለማንም ሳትናገሩ በጥንቃቄ ጨርሷት። ከዚያ በኋላ ልባችሁን ጠይቁት፤ በመጀመሪያው ላይ ያነሣሁትን ጥያቄ ከእኔ ይልቅ እርሱ በደንብ ይመልስላችኋል።