ራስን የመዳኘት ፈተና

ሰው በባልንጀራው ላይ ለመፍረድ በተቀመጠ ጊዜ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ምስክር ይሰማል፤ ቀጠሮም ይሰጣል። በራሱ ላይ ለመፍረድ በተነሣ ጊዜ ግን ከእነዚህ አንዱንም ሳይጠብቅ ይፈርዳል። ስለዚህም ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ የለዘበ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሚገባው በላይ የከበደ ይሆናል። ለዚህ ነገር ግልጽ ምሳሌ የሚሆነን፥ በአሜሪካ አገር የሕክምና ትምህርት ለመጀመር የሚፈልጉ ወጣቶች የሚወስዱት የመግቢያ ፈተና ነው። ከተፈታኞቹም መካከል በዚያ አገር የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች ስላሉበት፥ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ይህን ፈተና የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ነው። ጥያቄዎቹ 230 ሲሆኑ በአራት ክፍል ተመድበዋል፤ ከዕረፍቱ ጋራ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ጠቅላላ ውጤቱም ከ472 እስከ 528 ባለው ቍጥር ይለካል። የመጨረሻው ክፍል ካለቀ በኋላ ተፈታኙ ገና ከወንበሩ ሳይነሣ፥ ፈተናው እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ ይመርጥ ዘንድ ይጠየቃል። ይታረም ቢል ውጤቱ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ይወጣል፤ ትምህርት ቤቶችም ያዩታል። ይሰረዝ ቢል ግን ትምህርት ቤቶቹም ሆኑ እርሱ ራሱ ውጤቱን ከቶ አያዩትም። የከፈለው ገንዘብ አይመለስለትም፤ አንድ ጊዜ እንደ ተፈተነም ይቈጠርበታል። በአንድ ዓመት ከሦስት ጊዜ፥ በሁለት ተከታታይ ዓመት ከአራት ጊዜ፥ በዕድሜ ልክም ከሰባት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም።

እንግዲህ ሰርዞ መውጣት እውነትን መደበቅ አይደለምን? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በእኔ አስተያየት ትምህርት ቤቶቹን ማታለል አይደለም። ደንቡ በግልጽ የታወቀ፥ መብቱም ለሁሉም እኩል የተሰጠ ስለ ሆነ፥ የተጠቀመበት ሰው ማንንም አልበደለም። አስቸጋሪው ነገር ተፈታኙ ከራሱ ጋራ ያለው ጉዳይ ነው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ፈተናውን የሰረዘ ተማሪ የሸሸገው ከሌላው ብቻ ሳይሆን ከገዛ ራሱም ነው፤ በየትኛው ክፍል እንደ ደከመ፥ በየትኛውም እንደ በረታ ሳያውቅ ይቀራል።

በዚያች ሰዓት ቀድሞ ለምስክርነት የሚቀርበው ፍርሃት ነው። የፍርሃት ምስክርነት ግን እምነት የሚጣልበት አይደለም። የሰው አእምሮ ያስጨነቀውን ጥያቄ አጥብቆ ይይዛል፤ በቀላሉ ሠርቶ ያለፈውን ግን ይረሳል። ስለዚህ ተማሪው መለስ ብሎ ሲያስብ የሚታዩት ያወቃቸው ሳይሆኑ የተጠራጠረባቸው ናቸው። ደግሞም በፈተናው ውስጥ ለሙከራ የገቡና ነጥብ የማይያዝባቸው ጥያቄዎች ይገኛሉ፤ ውጤቱም ሲሰላ የአንዱ ቀን ፈተና ከሌላው ቀን መክበዱ ወይም መቅለሉ ይታሰባል። እንግዲህ ያስደነገጠው ጥያቄ ምናልባት ያልተቈጠረበት ሊሆን ይችላል።

ይህን ማለቴ መሰረዝ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ለማለት አይደለም። ዝቅተኛ ውጤት በመዝገብ ላይ ይቀራል፤ ትምህርት ቤቶችም ይመለከቱታል። በመካከል የታመመ፥ ሰዓት አልቆበት ብዙ ጥያቄ ሳይነካ የተወ፥ ወይም ትምህርቱን ሳይጨርስ የገባ ሰው ቢሰርዝ ማስተዋል እንጂ ፍርሃት አይባልም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ አንደኛው ምን ሆንህ ተብሎ ቢጠየቅ የደረሰበትን ነገር ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ከተሰማው ስሜት በቀር የሚናገረው የለውም። የደረሰ ነገር ማስረጃ ነው፤ ስሜት ግን የሰባት ሰዓት ድካም ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ሕግ ክርክር ከመነሣቱ በፊት የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዳኛ በሰዓቱ ቍጣና ርኅራኄ እንዳይወሰድ ነው። ተፈታኙም እንዲሁ፥ ይህና ይህ ከደረሰብኝ እሰርዛለሁ፥ ያለዚያ ግን አልሰርዝም ብሎ ልቡ በተረጋጋበት ቀን አስቀድሞ ደንብ ቢያወጣ ለራሱ ቅን ዳኛ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ከፍርሃት በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እፍረት ነው። በባዕድ አገር ቀንና ሌሊት ሠርተው ያስተማሩት ወላጆች ምን ይሉኝ ይሆን የሚለው ሐሳብ የወጣቱን እጅ ይይዘዋል። ይህ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ይህ ወጣት ነገ ሐኪም ሲሆን፥ ውጤቴን ከማውቅ ሳልመረመር ብቀር ይሻለኛል የሚል በሽተኛ ይመጣበታል። ያን ጊዜ፥ እውነቱን ማወቅ የመዳን መጀመሪያ ነው ብሎ ሊያጽናናው ይገባዋል። ይህንንም ቃል በሙሉ ልብ ሊናገር የሚችለው፥ አስቀድሞ በራሱ ላይ የፈጸመው ሰው ነው።

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰደ ተማሪ እንዲህ ያለ ምርጫ አይቀርብለትም። ነገር ግን የሥራውን ጉድለት የሚያሳይ ሪፖርት በእጁ የያዘ ሹም፥ የተማሪዎቹን ውጤት አይቶ ስለ ራሱ አስተማሪነት የሚጠይቅ መምህር፥ ያው ጥያቄ በየጊዜው ይደርስባቸዋል። ወረቀቱን ከመቅደዳቸው በፊት፥ ይህን የሚያስደርገኝ የደረሰው ነገር ነው ወይስ ፍርሃቴ? ብለው ቢጠይቁ፥ ለሌላው የማይነፍጉትን ቅን ፍርድ ለራሳቸውም ሰጡ ማለት ነው።