እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው

በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ ክርክሩ ከሆስፒታል ግቢ ወጥቶ በየቡና ቤቱ ገባ። አንዱ «ሙያው ቃለ መሐላ አለበት፤ በሰው ነፍስ ድርድር የለም» ሲል ሌላው «መሐላ የቤት ኪራይ አይከፍልም» ብሎ ይመልሳል። የታሰሩም ነበሩ። እኔ ያኔም አሁንም ከባለሙያዎቹ ጋር ነኝ። የከነከነኝ ግን ተከራካሪዎቹ ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር ነው። አንዱ ለማመስገን፣ ሌላው ለመውቀስ የጠሩት ያንኑ ሰው ነበር፦ በሌሊት ተጠርቶ የሚነሳ፣ ደም አይቶ የማይደነግጥ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ። ይህን ሰው «የበሰለ» እንለዋለን። እውነት በስሎ ነው?

ሠልጥኗል ማለት ከሆነ ክርክር የለኝም። ልቡ ቆሞ የወደቀን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፣ ወልዳ ደሟ አልቆም ላላት እናት ማህፀኗን ማሸትና 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን መውጋት፣ እጅ የልብን ድንጋጤ ሳይጠብቅ እንዲሠራው ተደጋግሞ የሚጠና ነው። ከየትም የመጣ ሰው ሊማረው ይችላል። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው ፍሪደም ሐውስ የተባለው የአምቡላንስ አገልግሎት ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር ወጣቶችን አሠልጥኖ ለዛሬው የቅድመ ሆስፒታል ሕክምና አርአያ ሆኗል። እኛም ዘንድ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች አንድ ዓመት ተምረው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀመረ። የሰመመን ባለሙያው ክብረት አበበም ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን አቋቁሟል። ሥልጠናው ገና ብዙ ይቀረዋል፤ መንገዱ ግን ይታወቃል።

የማይታወቀው ሌላው፣ ብስለቱ ነው። ከመርጡለ ማርያም ወደ ዓባይ ቁልቁል ከሚወርዱት ቀበሌዎች በአንዱ ምጥ የያዛት ሴት አለች እንበል። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። የአምቡላንሱ ሹፌር ስልኩን ከትራሱ ሥር አድርጎ ተኝቷል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል፦ «ወንድሜ፣ ስለ ማርያም ድረስልን፣ ደሟ አልቆም አለ!» ይህን ሳይዘጋ ከሌላ ጫፍ ሌላ ይደወላል። እነዚያም «እየሞተችብን ነው» ይላሉ። መኪናው አንድ ነው።

የደነደነው ሰው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ወደ ቀረበው ይነዳል። የበሰለው ይጠይቃል፦ «የእንግዴ ልጁ ወጥቷል? ስንት ጨርቅ አረጠበች? ስትጠራት ትመልስልሃለች?» የሁለቱም ድምፅ የተረጋጋ ነው፤ የሁለቱም እጅ አይንቀጠቀጥም። ከውጭ ለሚያያቸው አንድ ናቸው። እኔ ልለያቸው የምፈልገው እነዚህን ሁለት ሰዎች ነው።

የሚገጥመኝ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀላሉም አይለቀኝም። «ለታማሚዋ ምን ይጨምርላታል?» ይላል። «የምትፈልገው የሚደርስላት መኪናና የሚወጋት እጅ ነው። ሹፌሩ ልቡ ይድማ፣ አይድማ የራሱ ጉዳይ ነው።» እውነቱን ለመናገር እህቴ እዚያ ቤት ብትሆን እኔም ከሚያለቅሰው ይልቅ የደነደነውን እመርጣለሁ።

ነገር ግን ድንዳኔ እጅ ላይ አይቆምም፣ ጆሮም ይደርሳል። ስንት ሌሊት ጩኸት የሰማ ሰው ጩኸቱ አንዱን ከአንዱ መለየት ያቆምበታል፤ የድንገተኛ ሠራተኛ የመጀመሪያ መሣሪያው ደግሞ ልዩነትን መስማት ነው። ተቃዋሚዬ ይህን አይቀበልም። «ልቡ የሚራራውስ የተሻለ ይሰማል? አብዝቶ ወደ ጮኸው፣ ዘመዱ ቢሮ ወደተቀመጠለት አይደል የሚሮጠው? ያ ያንተ ሩህሩህ ሰው በጭቃው ሲከንፍ መኪናውን ገደል ይከተዋል።» ይህም እውነት ነው። ርኅራኄ ብቻውን አድልዎ አያጣውም።

ከዚያ ጠንከር አድርጎ ይመጣል፦ «እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈህ ጋቢናው ውስጥ ብትለጥፋቸው የደነደነውም ያነባቸዋል። አንተ ብስለት የምትለው የተሻለ ሥልጠና ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።» ይህን ስሰማ ግማሹን ክርክሬን አስረክባለሁ። ወረቀቱ ይለጠፍ። ጀግንነት እያልን የምናወድሰው ብዙው ነገር ያልተጻፈ መመሪያ ነው፤ ቢጻፍ ሕይወት ያተርፋል።

ግማሹ ግን ይቀረኛል። ወረቀቱ ምረጥ ይላል እንጂ ያልተመረጠችውን አይሸከምም። ወደ አንዷ ነድቶ ሲያበቃ ሌላዋ ብትሞትስ? መርጡለ ማርያም ትንሽ ከተማ ናት፤ በገበያ ቀን ባልዋን ያገኘዋል። የደነደነው «ቀኗ ደርሶ ነው» ይላል። ይህን ቃል ከሹፌር አፍ ስሰማ ጥያቄ መዝጊያ ይመስለኝና ይከብደኛል። ሆኖም ለቅሶ ቤት ሄደው ያንኑ ቃል የሚሉ እናቶቻችን ደንዳኖች አይደሉም፤ እያለቀሱ ነው የሚሉት። እሱም ቢሆን ያን ካላለ በማግሥቱ ሌሊት ስልኩን እንዴት ያነሳል? ስለዚህ በሚናገረው ልለያቸው አልችልም፣ በእንባውም አልችልም። አንድ ምልክት ብቻ ይቀረኛል፦ ከቀብሩ በኋላ ተመልሶ «ምን ብናደርግ ትተርፍ ነበር?» ብሎ መጠየቁ። የደነደነው አይጠይቅም፤ የበሰለው ይጠይቃል።

ይህንንም ሳስበው ጥያቄው ብቻውን ያለ ሰው የሚጠይቀው አይደለም። ብቻውን ከጠየቀው መልሱ ወይ ራስን መክሰስ ነው ወይ መጠጥ ነው።

አምቡላንስ ለየወረዳው ሳይታደል በፊት የነበረውን ቃሬዛ ላንሳ። ሁለት አጣና፣ በመካከሉ ገመድ ወይም ጠፍር፣ ከላይ ጋቢ። አራት ሰው ተሸክሞ ይወጣል፤ ተረኞቹ ከኋላ ይከተላሉ። ትከሻው የዛለ «ተቀበለኝ» ሲል ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ሌላው ይገባበታል። ማንም «ዝያለሁ» በማለቱ አያፍርም፤ አለማለት ነው አደጋው፣ ሕመምተኛዋን ይጥላታል። ብትሞት እነዚያው ተሸካሚዎች ለቀብር ይቆማሉ፣ ለቅሶ ቤት አብረው ይቀመጣሉ፣ «ማታውኑ ተነስተን ቢሆን» የሚባለው እዚያ ይባላል። ከመካከላቸው የበሰለ አንድ ሰው ፈልግ ብባል ላላገኝ እችላለሁ። ብስለቱ በተራው፣ በ«ተቀበለኝ»ና በለቅሶው ውስጥ ነበር። ቃሬዛው ይመለስ አልልም፤ ዳገት ላይ ሰዓት እየቆጠረ ስንቷን እናት ገድሏል። መኪናው እግርን ሲተካ ግን ተረኞቹንም አስቀርቷል። አሁን ያንን ሁሉ አንድ ወጣት በአንድ ስልክ ተሸክሞታል።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨምሯል። በኅዳር 2016 ዓ.ም ወገል ጤና ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አንድ አምቡላንስ በድሮን ተመትቶ ሰዎች መሞታቸውን የመብት ተቋማት ዘግበዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ጓድ በጣሊያን አውሮፕላን ሲደበደብ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ይህን እያየ ለሚነዳ ሰው «ጽናት ይኑርህ» ብሎ የግማሽ ቀን ሥልጠና መስጠት፣ አበል ቢኖረውም፣ ስድብ ይመስለኛል።

ክርክሬ የጀመረው ስለ ሰው ባሕርይ ነበር፤ አሁን ወደ ሥራ መርሐ ግብር ወርዷል፤ ብዙም አልከፋኝም። ምንም ሳይኖራቸው የሚበስሉ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም፤ አሉ። እንዴት እንደሚሆኑ ማስረዳት ግን አልችልም፤ በእነሱ ላይ ተማምኖ አገልግሎት መዘርጋት ደግሞ ልክ አይደለም። የባለሙያው ደኅንነት ብስለቱ ሲረጋገጥ የሚሰጥ ሽልማት ሊሆን አይገባም። ተረኛ ያለው፣ የሚተኛበት ሌሊት ያለው፣ ከሞት በኋላ ከአዋላጅዋና ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ቢደነድን ልወቅሰው እችላለሁ። እነዚህ የሌሉትን ግን አልወቅሰውም።

ስለዚህ ስለ ሠራተኛዋ «ገና ልጅ ናት፣ አልበሰለችም» የሚል ኃላፊ መጀመሪያ የተረኞቹን ዝርዝር ይመልከት። ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን ይቅጠር።